ጠላችን ለምን ይበላሻል?
ከአገር ርቀን ስንጠምቅ የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው



ባለፈው ዓመት የኅዳር ሚካኤልን የጽዋ ማኅበር ያከበርነው በዕለቱ አልነበረም። እንደምታውቁት በሥራ ቀን ፈቃድ አግኝታ የምትወጣ እህት ጥቂት ስለሆነች በዓሉን ቀጥሎ ወዳለው እሑድ አዞርነው። ተራዋ የደረሳት እህታችን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በቤይሩት ዳርቻ በተከራየችው ክፍል ጠላ ጠምቃ ነበር። ጌሾውን አንዲት ዘመዷ ከአገር ቤት በሻንጣዋ አምጥታላታለች። ገብሱን ራሷ ገዝታ፣ ራሷ ቆልታ፣ ከሥራ መልስ እንቅልፏን እየቆረጠች ደፍድፋ፣ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ሞልታ በታክሲ አመጣችው። ጸሎት ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ተቀዳ። አባታችን ቀመሱና ዝም አሉ። እኛም ቀመስን። ጠላው ኮምጣጤ ሆኗል።

እህታችን ፊቷ ተለዋወጠ። "እኔን ብሎ ማኅበርተኛ!" ብላ አለቀሰች። ወዲያው ከየአቅጣጫው ምክር መጣ። አንዷ "ስኳር ጨምሩበት" አለች። ሌላዋ "ትንሽ ቮድካ ጣል ቢደረግበት ያነሣዋል" አለች። አባታችን ግን "ልጆቼ፣ ይህ ይደፋ። ሻይ አፍሉልን፤ ማኅበሩን በሻይ እንጠጣለን" አሉ። እንዲሁም ሆነ።

ከዚያ እሑድ በኋላ በየሳምንቱ "የእኔስ ለምን አልፈላም?"፣ "የእኔስ ለምን ሻገተ?" እያላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። እኛም ሙያው ያላቸውን ታላላቅ እህቶች ጠይቀን፣ ስለ መፍላት የተጻፈውንም አንብበን፣ በራሳችንም እጅ ሞክረን ይህንን አዘጋጅተናል። ጠላ አጠማመቅ ልናስተምራችሁ አይደለም፤ ከእኛ የተሻለ የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ። ነገር ግን እናቶቻችን በጋን፣ በወይና ደጋ አየር፣ በጓሮ ውኃ የጠመቁትን እኛ በፕላስቲክ ጀሪካን፣ በባሕር ዳር ሙቀት፣ በጠባብ ክፍል ስንጠምቀው አንድ ዓይነት ነገር ሊሆን አይችልም። ችግሩ የሚነሣውም ከዚህ ልዩነት ነው።

ጠላው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

መድኃኒቱን ለማወቅ በሽታውን ማወቅ ይቀድማል። ብቅል ማለት በቅሎ የደረቀ እህል ነው። እህሉ ሲበቅል በውስጡ ያለውን ዱቄት ወደ ስኳር የሚለውጥ ኃይል ያወጣል። እርሾ ደግሞ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ሲሆን ስኳሩን እየበላ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንደኛው አልኮል፣ ሁለተኛው አየር (ጋዝ) ነው። ጠላው ሲፈላ የምናየው አረፋ ይህ ጋዝ ነው። ጌሾ መራራውን ጣዕም ይሰጣል፤ የማይፈለጉ ተሐዋስያን እንዳይበዙም ያግዛል።

ከእርሾው ጋር ሌሎችም ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ጠላን ደስ የሚል ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ይሰጡታል፤ እነዚህ ወዳጆች ናቸው። ሌሎቹ ግን አየር ሲያገኙ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጣሉ። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፉ የቢራ መበላሸት ከእነዚህ ከማይፈለጉ ጥቃቅን ተሐዋስያን እንደሚመጣ አስረድቷል። እናቶቻችን መጽሐፉን ሳያነቡ ጋኑን በግራዋ አሽተው የሚያጥቡት፣ በወይራ የሚያጥኑት፣ አፉንም የሚመርጉት ይህንኑ ጠላት ለመከላከል ነበር።

እንግዲህ የጠላ ጠላቶች አራት ናቸው፤ ቆሻሻ፣ ሙቀት፣ አየርና ችኮላ። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ችግሮች ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ የሚመጡ ናቸው።

1ኛ. አልፈላ ሲል

በመጀመሪያ ብቅላችሁን መርምሩ። በየቅመማ ቅመም ሱቁ የሚሸጠው ነጭ ገብስ አብዛኛውን ጊዜ የተፈተገ ነው። የተፈተገ ገብስ ለሾርባ ይሆናል፣ ለአሻሮም ይሆናል፤ ነገር ግን አይበቅልም። አንዲት እህታችን እንዲህ ዓይነቱን ገብስ አምስት ቀን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ብቅል ስትጠብቅ ያገኘችው ሽታ ብቻ ነበር። ለብቅል ቅርፊቱ ያልተነሣ ገብስ ወይም ያልተፈተገ ስንዴ ፈልጉ። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ ለዘር ተብሎ የሚሸጥ፣ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ እህል የፀረ ተባይ መድኃኒት የነካው ስለሆነ ፈጽሞ ለምግብም ለመጠጥም አይሆንም።

እህሉን አንድ ሌሊት ዘፍዝፋችሁ ውኃውን አጥልሉት። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በንጹሕ ውኃ እያለቀለቃችሁ ሦስት አራት ቀን አቆዩት። ቡቃያው የእህሉን ያህል ሲረዝም በፀሐይ አድርቁትና አስፈጩት። በምጣድ አትቁሉት። ኃይለኛ እሳት የብቅሉን ኃይል ይገድለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ትኩስ እንኩሮ ነው። ነገ ሥራ አለብን ብለን በችኮላ እንኩሮውን ከእሳት እንዳወረድነው ጥንስሱ ውስጥ እንጨምረዋለን። እርሾው እዚያው ይሞታል። እንኩሮው በእጅ ሲነካ ለብ እስኪል፣ ከተቻለም ፈጽሞ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ውኃው ነው። በቤይሩት በብዙ ሰፈር የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ክሎሪን የበዛበትም ጊዜ አለ። የሚጠጣ ውኃ በጋሎን ገዝታችሁ ብትጠቀሙ ይሻላል። የቧንቧ ውኃ ካልሆነ የሌላችሁ እንደሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ማፍላት ክሎሪኑን ይቀንሳል፤ ጨውን ግን አያወጣም።

አራተኛው ያረጀ ጌሾ ነው። ሁለት ዓመት በላስቲክ ታስሮ የኖረ፣ ሽታ የሌለው፣ አቧራ የመሰለ ጌሾ ጥንስሱን አያስነሣም። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጥንስሱ እስከ አራተኛው ቀን ዝም ካለ፣ የዳቦ እርሾ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ወስዶ በለብታ ውኃ በጥብጦ መጨመር ነውር የለበትም። በክረምት ጊዜም ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከቀዝቃዛ ወለል ላይ አንሡት።

2ኛ. ሲኮመጥጥ

ከላይ የነገርናችሁ የማኅበሩ ጠላ በሽታ ይህ ነበር። በኋላ ነገሩን ስናጣራ ጠላው የተጠለለው ማኅበሩ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። እህታችን ከዚያ ወዲህ የእረፍት ጊዜ እንደማታገኝ ስላወቀች ቀደም ብላ አጠለለችው። ጀሪካኖቹ ግማሽ ድረስ ብቻ ስለሞሉ በላያቸው ብዙ አየር ነበረ። በየቀኑ "ደርሶ ይሆን?" እያለች ትከፍተውና ትቀምሰው ነበር። ክዳኑን በከፈተች ቁጥር አዲስ አየር ታስገባለች።

ጠላ እንደ ፋብሪካ ቢራ ወር የሚቀመጥ መጠጥ አይደለም። ከተጠለለ በኋላ በሙቀት ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ፦

ድፍድፉን ቀደም ብላችሁ አዘጋጁ፣ ማጥለሉን ግን ከበዓሉ አንድ ቀን በፊት አድርጉት። ያጠለላችሁትን እስከ አፉ ድረስ በሚሞላ ዕቃ አስቀምጡ። አንድ ትልቅ ጎዶሎ ጀሪካን ከመያዝ ሦስት ትንንሽ ሙሉ ዕቃዎች መያዝ ይበልጣል። ማቀዝቀዣ ካላችሁ አስገቡት። በበጋ የቤይሩት ሙቀት ከ30 ዲግሪ በሚያልፍበት ጊዜ፣ በተለይም መብራት በሚጠፋበት ቤት፣ ብዙ አትጥመቁ። ዕቃውን ውኃ በተሞላ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ በእርጥብ ፎጣ መሸፈን ጥቂት ያቀዘቅዘዋል።

አንድ ጊዜ ኮምጣጤ የሆነ ጠላ ወደ ኋላ አይመለስም። ስኳር ብትጨምሩበት ኮምጣጣነቱን ለምላስ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም፤ ይልቁንም እርሾውን ቀስቅሶ ዕቃውን ያስፈነዳል።

3ኛ. ሲሻግት

ሻጋታ ሁሉ አንድ አይደለም። በጥንስሱ ወይም በጠላው ላይ ስስ፣ ነጭ፣ የተሸበሸበ ሽፋን ቢታይና ሽታው ደኅና ቢሆን ብዙ ጊዜ አየር ያገኘ እርሾ ነው። በንጹሕ ማንኪያ ገፋችሁ አውጡት፤ ጠላውንም ቶሎ ጨርሱት። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ፣ ወይም ፀጉር የመሰለ ነገር ካያችሁ ግን የላዩን ገፎ የታቹን መጠጣት አይገባም። ሁሉም ይደፋ።

የሻገተ ብቅልም እንዲሁ ነው። የባሕር ዳር አየር እርጥበት ስላለው ብቅል ቶሎ አይደርቅም፤ በከረጢት ታስሮ ሲቀመጥም በውስጡ ይሻግታል። በእህል ላይ የሚወጣው ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። ይህ መርዝ በመቁላትም በማፍላትም አይጠፋም። "ገንዘብ ወጥቶበታል፣ እንዴት ይጣላል?" የሚለው ሐሳብ እኛም አለብን፤ ሆኖም የአንድ ኪሎ ገብስ ዋጋ ከሐኪም ቤት ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

4ኛ. ሲፈነዳ

ይህንን በጥንቃቄ አንብቡልን። አንዲት እህታችን ሁለት የመስታወት ጠርሙስ ጉሽ ጠላ ከእሑድ እረፍቷ ይዛ ተመልሳ፣ ለማንም ሳትናገር በአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። በሦስተኛው ሌሊት አንዱ ጠርሙስ ፈነዳ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴው 2020 የወደብ ፍንዳታ በኋላ በቤይሩት ድንገተኛ ድምፅ ሰውን ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ታውቃላችሁ። ልጆቹ እየጮኹ ተነሡ፣ ማዳም በባዶ እግሯ ወጥታ በመስታወት ስብርባሪ ላይ ቆመች። እህታችን ከሥራዋ አልተባረረችም፤ ነገር ግን ማዳም ከዚያ ወዲህ ቁም ሣጥኑን ሁሉ ትፈትሻለች። የአራት ዓመት መተማመን በአንድ ጠርሙስ ተሰበረ።

የአገራችን ጋን ሸክላ ነው። ሸክላ በጥቂቱ ይተነፍሳል፤ ምርጊቱም ጋዙ ሲበዛ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክና መስታወት ግን አይተነፍሱም። መፍላቱን ያልጨረሰ ጠላ ክዳኑ ከጠበቀ ጋዙ መውጫ ያጣል። ስለዚህ የሚፈላ ጠላ በመስታወት ጠርሙስ ከቶ አይዘጋ። በጀሪካን ሲሆን ክዳኑን ግማሽ ዙር አላሉት። ከዚህ የተሻለ ዘዴም አለ፤ የልጆች ፊኛ በመርፌ አንድ ቦታ ትበሱና በጀሪካኑ አፍ ላይ ታጠልቁታላችሁ። ጋዙ በቀዳዳው ይወጣል፣ የውጭ አየር ግን በቀላሉ አይገባም። ፊኛው ሲቆም መፍላቱን፣ ሲተኛ መርጋቱን ትረዳላችሁ። በየቀኑ እየከፈቱ መቅመስም ይቀራል።

በታክሲ ስትወስዱት ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ከመነሣታችሁ በፊትም ክዳኑን ከፍታችሁ አስተንፍሱት።

5ኛ. ሲመር፣ ሲያር፣ ሲቀጥን

በጣም መራራ ጠላ የጌሾ ብዛት ነው፤ ወይም የጌሾው እንጨት በድፍድፉ ውስጥ ረዥም ጊዜ ከርሟል። በእኛ አካባቢ በብዙዎች እጅ የተሞከረው ልክ ለ10 ሊትር ጠላ 2 ኪሎ ገብስ ለአሻሮ፣ ግማሽ ኪሎ ብቅል፣ ሩብ ኪሎ ጌሾ ነው። ጌሾ እንደየመጣበት ቦታ ጉልበቱ ስለሚለያይ በመጀመሪያ ቀንሳችሁ ጀምሩ። የመረረውን ከሌላ ቀለል ካለ ጠላ ጋር ማደባለቅ ይቻላል።

የከሰል ጣዕም ያለው ጠላ አሻሮው ያረረበት ነው። እዚህ ሰፊ ምጣድ ስለሌለን በትንሽ መጥበሻ ብዙ ገብስ እንከምርበታለን፤ የታቹ ሲያር የላዩ ጥሬ ይቀራል። በትንሽ በትንሹ፣ በመካከለኛ እሳት፣ እጅ ሳያርፍ መቁላት ነው። ካረረ ለይታችሁ ጣሉት፤ አንድ እፍኝ ያረረ ገብስ ሙሉ ጀሪካን ያበላሻል።

የቀጠነና ጉልበት የሌለው ጠላ ውኃው በዝቶበታል፣ ወይም ድፍድፉ ሳይበስል ውኃ ተሞልቶበታል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የችኮላ ነው። ለእንግዳ የሚቀርበውን መጀመሪያ ቀድታችሁ ቅራሪውን ለብቻው መያዝ የእናቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ሁለቱን በአንድነት ቀላቅሎ ማብዛት ሁለቱንም ያሳጣል። ድፍርስ የሆነውን ደግሞ አንድ ሌሊት በቀዝቃዛ ቦታ አሳርፋችሁ፣ አተላውን ሳትነኩ ከላይ ቀስ አድርጋችሁ ቅዱት። ማጥለያ ጨርቁን ሽቶ ባለው ሳሙና አትጠቡት፤ ጠላው የልብስ ሽታ ይዞ ይመጣል።

ስለ ዕቃና ስለ ጭስ

ጠላ ኮምጣጣነት ስላለው ዕቃውን ይበላል። ስለዚህ በዚንክ ባልዲ፣ በመዳብ ዕቃ፣ ቀለም ወይም የጽዳት መድኃኒት በነበረበት ጀሪካን አይጠመቅም። ቢታጠብም አይሆንም። የምግብ ፕላስቲክ፣ የማይዝግ ብረት ድስት ወይም የሸክላ ዕቃ ተጠቀሙ። ውስጡ የተቧጨረ ፕላስቲክ ቆሻሻ ስለሚደብቅ ለጠላ አይሆንም።

ዕቃውን በሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ክሎር የምትጠቀሙ ከሆነ ለብቻው በውኃ አቅጥኑት፣ በኋላም ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ አለቅልቁ። ክሎርን ከኮምጣጤ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ይህ ለጠላ ዕቃ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ለምትሠሩት የጽዳት ሥራ ሁሉ ነው።

ዕቃ ማጠን የምትወዱ እህቶች ደስ ይበላችሁ፤ በሊባኖስ ኮረብታዎች የሞላው የወይራ ዛፍ የአገራችን ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው። ደረቅ ቅርንጫፉ ዕቃ ያጥናል። ነገር ግን ፕላስቲክ ስለሚቀልጥ ብረት ድስቱን ወይም ሸክላውን ብቻ ጣሪያ ላይ ወይም ክፍት ሰገነት ላይ እጠኑ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ፣ ለጠላም ይሁን ለቡና፣ ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይወስደዋል። "ብርድ ነው፣ በሩን ዝጉት" የምትሉ እህቶች አደራ።

የማይነካ መስመር

ጠላው ደከመ ብሎ ስፒርቶ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ አልኮል መጨመር ሞትን መጥራት ነው። አረቄ በቤት ውስጥ ለማውጣት መሞከርም እንዲሁ፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ እሳት ያስነሣል። በየመንደሩ በድብቅ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ መጠጥም አይገዛ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 በኩዌት በድብቅ የተሠራ፣ ሜታኖል የተባለ መርዝ ያለበት መጠጥ የጠጡ 23 ሰዎች መሞታቸውን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል። ዓይናቸውን ያጡም ነበሩ። የሞቱትና የተጎዱት ከእስያ አገሮች የመጡ እንደ እኛው ያሉ ስደተኛ ሠራተኞች ናቸው። በአግባቡ ከእህል የተጠመቀ ጠላ ይህንን መርዝ በሚጎዳ መጠን አይፈጥርም፤ አደጋው ያለው በሚጨመርበት ነገር ነው። መጠጥ ጠጥታ ከሰዓታት በኋላ ዓይኗ የደበዘዘባት፣ ብርቱ ራስ ምታትና ማስመለስ የያዛት ሰው ካለች "ስካር ነው፣ ይለቃታል" ሳትሉ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዷት።

ሁለተኛው መስመር ሕግ ነው። ይህ ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ሌሎች አገሮች እንደሚደርስ እናውቃለን። በሊባኖስ መጠጥ በሱቅ ይሸጣል። በኩዌትና በሳዑዲ ዓረቢያ ግን መጥመቅም፣ መሸጥም፣ መጠጣትም ወንጀል ሲሆን እስርና ከአገር መባረር ያስከትላል። በእነዚያ አገሮች ያላችሁ እህቶች፣ ለበዓል ብላችሁም ቢሆን አትጥመቁ። ለእናንተ ብርዝ አለላችሁ። ንጹሕ ማር በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ፣ ጌሾም እርሾም ሳትጨምሩ፣ በዚያው ሰዓት ጠጡት። ለነገ አታሳድሩት፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ቀሪቦም ቢሆን እርሾ ከገባበትና ካደረ ጥቂት አልኮል ስለሚኖረው "ለስላሳ ነው" ብላችሁ አትዘናጉ።

በሊባኖስም ቢሆን በአሠሪ ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድ አይጠመቅም፣ አይቀመጥም። ለሽያጭ መጥመቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፈቃድ ሳይኖር መሸጥ ፖሊስን ይጠራል፤ ኢቃማዋ ያልተስተካከለ እህት ደግሞ በዚህ ምክንያት ልትታሰርና ልትባረር ትችላለች። እርጉዝ የሆነች፣ የምታጠባ፣ ወይም መድኃኒት የምትወስድ እህት አትጠጣ። ማኅበርተኛ ሁሉ ይህንን አውቆ "ቅመሺ እንጂ!" እያለ ባያስገድድ መልካም ነው።

ጽዋው አይጎድልም

በመጨረሻ ወደ እህታችን እንመለስ። ከዚያ እሑድ በኋላ ሁለት ወር ማኅበር አልመጣችም። ስንደውልላት ሥራ በዛብኝ ትለን ነበር። ኋላ በጓደኛዋ በኩል እንደሰማነው ያስቀራት ሥራ ሳይሆን ኀፍረት ነበር። "እናቴ በሰፈሩ በጠላዋ የተመሰገነች ናት፤ እኔ የእሷ ልጅ ሆኜ ለማኅበር ኮምጣጤ አቀረብኩ" ትል ነበር።

አባታችን ይህንን ሲሰሙ ራሳቸው ደወሉላት። ያሏት ይህንን ነው፦ "ልጄ፣ እናትሽ ጋን ነበራት፣ ጓሮ ነበራት፣ ቀኑን ሙሉ የምታየው ጠላ ነበራት። አንቺ ያለሽ የእሑድ ግማሽ ቀን ነው። በግማሽ ቀን እንደ እናትሽ መጥመቅ አይጠበቅብሽም። ትንሽ ጥመቂና ነይ።"

ለፋሲካ ማኅበር መጣች። ይዛ የመጣችው 10 ሊትር ብቻ ነበር። ቅርፊት ካለው ስንዴ ብቅሏን ራሷ አብቅላ፣ እንኩሮውን አቀዝቅዛ፣ ፊኛ የጠለቀበት ጀሪካን አልጋዋ ሥር አስቀምጣ፣ ቅዳሜ ማታ አጥልላ ነበር። ለእያንዳንዳችን የደረሰን ግማሽ ብርጭቆ ነው። አባታችን ቀምሰው ብርጭቆውን እንደገና ዘረጉ። እሷም ሳቀች።

እንግዲህ እህቶቻችን፣ ጠላው ሲበላሽ ድፉት፤ ለመሸፈን ስኳርና አልኮል አትጨምሩበት፤ ለምን እንደተበላሸም ሳታፍሩ ተናገሩ። የአንዷ ስሕተት የሌላዋ ትምህርት ይሆናል። እኛም በገዛ እጃችን የሞከርነው የመጀመሪያ ጥንስስ ለሦስት ቀን አንዲት አረፋ ሳያወጣ ቀርቶ፣ ብቅሉን በምጣድ ቆልተነው እንደነበር ያወቅነው ከደፋነው በኋላ ነው። ዝግጅቱ ያልተሳካላት ተረኛ ባዶ እጇንም ቢሆን ትምጣ። ውኃም ሻይም ማኅበር ላይ ጽዋ ይሆናል፤ ከማኅበሩ የቀረችን እህት ግን የሚተካ የለም።

ቸር ያሰንብተን።